ነሐሴ 22ን እንዳትረሺ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሐዋሳ፣ ከቱላ በኩል ነው። ጸሐፊዋ ስሜ አይጠቀስ ብላለች። ረዘም ስለሚል ጨመቅ አድርጌዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለግኩ። ሲያቅተኝ ወደ ቤተሰቦቼ ተመለስኩ። አባቴ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለው። እንሰት፣ ትንሽ ቡና፣ አምስት እግር አቮካዶ። ለሥጋ የሚሆን ጥንቸል ላርባ ብዬ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሦስት ገዛሁ። አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴት። ሰውየው አራት ወራቸው ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። አሮጌው ዶሮ ቤት ውስጥ አንድ ላይ አስገባኋቸው። ሐምሌ 21 ጠዋት ስገባ ነጯ ሰባት ወልዳለች። መሬት ላይ ተበታትነዋል። የሁለቱ ግማሽ አካላቸው የለም። አምስቱን ሰብስቤ ጨርቅ ላይ አስተኛኋቸው። እናትየዋ ዞር ብላም አላየቻቸው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፣ አላጠባችም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም አለቁ። ግራጫዋ ሴት ደግሞ እስካሁን አልወለደችም። ከወንዱ ጋር ሌት ተቀን ትጣላለች፣ ጆሮዋ ተቦጭቋል። እማዬ ‹ድሮም ብያለሁ፣ ይሄ ነገር ቤቴ አይበስልም› ትላለች። ወንድሜና ሚስቱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኛ እንበላለን ይላሉ። አባቴ ዝም ብሏል። ነጯ ልጆቿን የምትበላ ከሆነ ልሽጣት? ወይስ ነገሩን ከነጭራሹ ልተወው?»

ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና አሁኑኑ ተነሥተሽ ወንዱን ከነጯ ለዪው። ከዚያ ተመልሰሽ ቀሪውን ታነቢዋለሽ።

ለምን መሰለሽ? ጥንቸል እንደ ላም ቀን ጠብቃ ወንድ የምትፈልግ አይደለችም። እንቁላሏ የሚወርደው ወንዱ ካጠቃት በኋላ ነው፤ 10 ሰዓት ያህል ቆይቶ። ስለዚህ ከወለደች ቀን ሳይሞላት እንኳ ልትፀንስ ትችላለች። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ወንድ አትመልስም። የአንቺ ወንድ ደግሞ የትም አልሄደም፣ እዚያው ዶሮ ቤት ውስጥ ነበር። አንቺ የሞቱትን ስትቀብሪ ነጯ ምናልባት ሌላ ዙር ይዛ ነበር።

እርግዝናዋ 31 ቀን ነው። ቢቀንስ አንድ ቀን፣ ቢጨምርም አንድ ቀን ነው። ከሐምሌ 21 ቁጠሪ። ነሐሴ 22 ላይ ትደርሺያለሽ።

በነገራችን ላይ የእኛ ቀን አቆጣጠር ለጥንቸል አርቢ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወሩ ሁሉ 30 ነው። ስለዚህ 31 ቀን ማለት በሚቀጥለው ወር አንድ ቀን ጨምሪ ማለት ነው። ጥቅምት 5 ከተገናኙ ኅዳር 6 ትወልዳለች። ጣት መቁጠር የለ፣ ስልክ መነካካት የለ። ሒሳቡን የምታበላሽ ጳጉሜ ብቻ ናት።

ይህን የምጽፍልሽ ነሐሴ 5 ነው። ነጯ በወለደችበት ዕለት ካልፀነሰች ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ፀንሳ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከለየሻቸው የመጨረሻው ቀን እንቁጣጣሽ ነው፤ ጳጉሜን አትዝለያት። ማለት፣ ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 1 ድረስ ቤትሽ ውስጥ ልትወልድ የምትችል ጥንቸል አለች ብለሽ ተዘጋጂ። ካልወለደችም ምንም አልከሰርሽም፣ ቤቱ ተሰናድቶ ይቆይሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነጯ ክፉ እናት አይደለችም።

የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ሳጥን የለም። መሬት ላይ ነው የወለደችው። ወንዱ አለ፣ ግራጫዋ አለች፣ ሁለቱ ይደባደባሉ። በዚህ መሐል ሰባት ልጅ ጣለች። ጥንቸል ስትወልድ እንግዴ ልጁን ትበላለች፣ ያጸዳችም ይመስላታል። ሞቶ የተወለደ ካለ እሱንም አብራ ትበላለች። ሽታው ጠላት እንዳይጠራባት ነው። ሁለቱ ግማሽ የሆኑት በሕይወት እያሉ ተበልተዋል ብዬ አላስብም። የሚረግጣቸው እግር ቤቱ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጨምቄ በተውኩት ክፍል ስለ ሣር ጽፈሻል፣ ስለ ፉርሽካ ጽፈሻል። ውሃ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። የምታጠባ ጥንቸል በቀን እስከ አንድ ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ ልጆቿ ሲያድጉ ከዚያም ያልፋል። በምጥ ላይ የተጠማች እናት ልጆቿን ብትበላ አይግረምሽ። ለምለም ሣር እየበላች ውሃ ምን ያደርግላታል የሚሉሽን አትስሚ። ከባድ የሸክላ ጣባ አግኚና ውሃ ሙዪላት። ፕላስቲክ ከሆነ ገልብጣ ትጥለዋለች።

ማጥባቱን ደግሞ እንዲህ አስቢው። ጥንቸል እንደ ድመት ልጆቿን አቅፋ አትውልም። በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምታጠባው። ያውም ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ደቂቃ። ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ትገባለች፣ ታጠባለች፣ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ዞር ብላ አላየቻቸውም ያልሽው እሱን ነው። ልጆቿን የምትጠብቀው አጠገባቸው ባለመሆን ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቁጭ ስትይባት ጭራሽ አልደረሰችም። ጥፋትሽ ነው ማለቴ አይደለም። ማን ነግሮሽ?

መጥባታቸውን የምታውቂው እናትየዋን በመጠበቅ ሳይሆን የልጆቹን ሆድ በማየት ነው። ጠዋት እጅሽን ታጠቢ፣ እናትየዋን በቅጠል አባብያት፣ ሳጥኑን ግለጪ። የጠባ ልጅ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ በስሱ ቆዳ በኩል ነጩ ወተት ራሱ ይታይሻል። ያልጠባው ቆዳው እንደ ሽማግሌ እጅ ተጨማዷል። ስትነኪውም ይንጫጫል። የጠገበው ዝም ብሎ ይርገበገባል። ስትጨርሺ እናትየዋ ነጭታ ባነጠፈችው ፀጉር ሸፍነሽ ሂጂ። በሰው እጅ ከተነካ እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ወሬ ነው። የሚያውቁሽ እናቶች ከሆኑ ምንም አይሉሽም።

እውነቱን ለመናገር አምስቱን የገደላቸው ብርድ ነው። ሲወለዱ ጸጉር የላቸውም፣ ዓይናቸውም አይከፈትም። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። የሐምሌ ሌሊት፣ የሐዋሳ እርጥበት፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ጨርቅ። ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ እግራቸውንም ይጠልፋል። ሁለተኛ ጨርቅ አታንጥፊ።

የቀዘቀዘ ልጅ ካገኘሽ ሞቷል ብለሽ ቶሎ አትጣዪው። እኔ አንድ ጠዋት ከሳጥን የወደቀች አገኘሁ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች፣ አትንቀሳቀስም። ልቀብራት አነሣሁና ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጉያዬ ውስጥ ከተትኳት። ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ነበር፣ እንደያዝኳት ሄድኩ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ደረቴ ላይ አንዳች ነገር ተንፈራገጠ። ሲኒውን ልደፋው ነበር። በኋላ ከወንድሞቿ ሁሉ የበለጠች ሆናለች።

እንግዲህ ሳጥኑን እንሥራ። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ቢሆን ይበቃል። በፊት በኩል መግቢያውን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገሽ ቁረጪው። ያቺ 15 ሴንቲ ሜትር ደፍ ትልቅ ነገር ናት። እናትየዋ አጥብታ ስትዘል ጡት እንደያዘ የሚንጠለጠል ልጅ አይጠፋም። ደፉ ላይ ተጠርጎ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ደፍ ከሌለ ውጭ ወድቆ ያድራል። እንጨት ይሁን፣ ቆርቆሮ አይሁን። አናጺ ውድ ነው ካልሽ ከአትክልት ተራ የቲማቲም ሳጥን አምጪና ክፍተቱን በጣውላ ድፈኚው። ሥሩን በሚስማር ቀዳ ቀዳ አድርጊው፣ ሽንቱ ይውረድ። ከታች የአናጺ ፍቅፋቂ፣ ከላይ የደረቀ የጤፍ ጭድ። መሐሉን በቡጢሽ ጎድጎድ አድርጊው።

የምታስገቢው በ28ኛው ቀን ነው። ለነጯ ነሐሴ 19 ማለት ነው። ቀድመሽ ካስገባሽው ሽንት ቤት ታደርገዋለች። ነጯ ቀኗ ሊዘገይ ስለሚችል ምናልባት ይህ ይደርስብሻል፣ ያኔ ጭዱን ቀይሪላት። ቀኗ ሲደርስ ጭድ በአፏ ይዛ ስትመላለስ ታያታለሽ። ቀጥሎ ከሆዷና ከአገጯ ሥር ጸጉር እየነጨች ታነጥፋለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እከክ የያዛት መስሎኝ ደንግጫለሁ። ሳትነጭ ከወለደች አንቺ ከሆዷ ንጪላት። በዚያ ሰሞን ጸጉሩ የላላ ነው፣ በእጅ ይወጣል። ትርፉን በፌስታል አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ያስፈልግሻል።

ወልዳ ስታገኚያት ቁጠሪ፣ የሞተ ካለ አውጪ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ዓይናቸው የሚከፈተው ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ነው። ነሐሴ 22 ከሆነ ጳጉሜ ላይ ያዩሻል። በሦስተኛው ሳምንት ከሳጥኑ መውጣት ይጀምራሉ፣ ከእናታቸው ሣር ይሻማሉ። በስድስተኛው ሳምንት ከእናታቸው ለዪያቸው። ስትለዪያቸው የለመዱትን መኖ አትቀይሪ። በዚያ ሰሞን ተቅማጥ ከያዛቸው ተራ በተራ ነው የሚያልቁት።

አሁን ግራጫዋ። ልጄ፣ ከሁለት ወር በላይ ከወንድ ጋር ኖራ ያልወለደች፣ ከወንዱም ጋር ጆሮ እስኪቦጨቅ የምትጣላ ሴት ጥንቸል አላውቅም። ግራጫዋ ወንድ ናት ብዬ እወራረዳለሁ።

አትሳቂብኝ፣ እኔም ደርሶብኛል። «ባልና ሚስት ናቸው» ተብዬ ሁለት ገዛሁ። አራት ወር ሙሉ ዛሬ ትወልዳለች ነገ ትወልዳለች ስል ሁለቱም ሴቶች ሆነው ተገኙ። ሻጩን አልወቅሰውም፣ እሱም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ራስሽ እዪ። አንድ ሰው ጭኑ ላይ በጀርባዋ አስተኝቶ ይያዛት። ከጭራዋ በላይ ያለውን ቦታ በሁለት ጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ጫን በዪው። ክብ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ብቅ ካለ ወንድ ነው። እንደ ቅጠል ረዘም ያለ ስንጥቅ ከሆነ ሴት ናት። በዚህ ዕድሜ የወንዱ ቆለጥም ግራና ቀኝ ይታያል፣ ከፈራ ግን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስታነሺያት በጆሮዋ አታንሺያት። አንድ እጅ ከትከሻዋ፣ አንድ እጅ ከቂጧ ሥር። ተንጠልጥላ ከተራገጠች ወገቧ ይሰበራል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሲሰበር አይቻለሁ።

ወንድ ከሆነ ሁለተኛ ወንድ አትፈልጊም። ሽጪውና በምትኩ ሴት ግዢ። ከሌላ አርቢ ቢሆን ይሻላል፣ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉና። እውነት ሴት ከሆነች ደግሞ ለብቻዋ አኑሪያትና እስከ እንቁጣጣሽ ጠብቂ።

ከእንግዲህ ሁሉም የየራሱ ቤት ይኑረው። 90 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት ከፍ ያለ። ሽቦ ከተወደደብሽ ከሲዳማ ደጋ የሚወርደው ቀርከሃ አለልሽ። ወለሉን ፈልጠሽ በጣት ውፍረት ክፍተት ደርድሪው፣ ኩሱ ወደ ታች ይውደቅ። የጥንቸል ልጅ ከሚጨርሱት በሽታዎች ዋናው ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የሚተላለፈው በኩስ ነው። ኩሷ ላይ የምትተኛ ጥንቸል ዳነች ማለት ዘበት ነው። የቤቱን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሚያቸው። ጋራዥ ሄደሽ ለምኚ፣ በነፃ ይሰጡሻል። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ስምንት ልጅ ጨርሶብኛል። ጠዋት ያገኘሁትን አልነግርሽም።

ማገናኘቱን በተመለከተ አንድ ሕግ ያዢ። ሴቷ ወደ ወንዱ ቤት ትሄዳለች እንጂ ወንዱ ወደ ሴቷ አይመጣም። ቤቷ ከመጣባት ትደበድበዋለች፣ እሱም ግድግዳውን ማሽተት ትቶ ሥራውን አይሠራም። ከመውሰድሽ በፊት ብልቷን እዪ። ቀላ ካለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ ፈቃደኛ ናት። ነጣ ካለ ነገ ሞክሪ። ነገሩ ከደቂቃ አይዘልም። ወንዱ ሲጨርስ ሲጥ ብሎ ወደ ጎን ዘፍ ይላል። የሞተ ይመስልሻል፣ አልሞተም። ማታ ላይ አንዴ ድገሚያትና ወደ ቤቷ መልሻት። ቀኑን ጻፊ። የጻፍሽበት ደብተር እዚያው ግድግዳ ላይ በገመድ ይንጠልጠል፣ ቤት ካስገባሽው ትረሺዋለሽ። በ16 ወይም በ18ኛው ቀን ጸጉሯን መንጨት ከጀመረች ልትወልድ አይደለም። የውሸት እርግዝና ነው። ቀን የማይጽፍ ሰው ይሄንን መለየት አይችልም።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አዳማ እህቴ ጋ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ አስቀምጬ ነበር። ቆርቆሮ ጣራ፣ ሚያዝያ፣ ያ የአዳማ ንፋስ። ሦስቱንም አገናኘኋቸው፣ አንዷም አልያዘችም። ሴቶቹን ስረግም ቆየሁ። ለካ ጥፋቱ የወንዱ ኖሯል። ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ የወንዱ ዘር ይሞታል፣ እስኪመለስ ሁለት ወር ይፈጃል። ሐዋሳ ከአዳማ ይሻላል። ግን የካቲትና መጋቢት ላይ ዶሮ ቤት ቆርቆሮ ሥር ሐዋሳም አዳማ ናት። ቆርቆሮው ላይ ኮባ ደርቢበት። ቀትር ላይ ውሃ በሃይላንድ አቀዝቅዘሽ አስገቢላቸው፣ ተደግፈውት ይተኛሉ።

መኖ አንቺ ሰፈር ችግር አይደለም። የስኳር ድንች ሐረግ፣ ዴሾ ሣር፣ አልፋልፋ ካገኘሽ አልፋልፋ። ድርቆሽ ሁልጊዜ ይኑር፣ ፉርሽካ በቀን አንድ ጭብጥ፣ ለምታጠባዋ ሁለት። በዚህ ክረምት ሣሩን አጭደሽ ወዲያው አትስጪ። ጠዋት አጭደሽ ጠውለግ ሲል ከሰዓት ስጪ፣ አለበለዚያ ሆዳቸው ይነፋል። አምስቱ አቮካዶ ግን አስፈርተውኛል። የአቮካዶ ቅጠል፣ ልጣጭም ሆነ ፍሬው ውስጥ ያለው ድንጋይ ለጥንቸል መርዝ ነው። ዛፉ ሥር ቤት አትሥሪ፣ ቅጠል ይረግፍባቸዋል። የድንችና የቲማቲም ቅጠልም አይሆንም።

ከታመሙብሽ ደግሞ ለሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን ፈትተሽ እንዳታጠጫቸው። ብዙ ሰው ለዶሮ እንደለመደው ያደርገዋል። ጥንቸል ሆድ ውስጥ ያለውን ጥሩ ተሕዋስ ይገድልና ራሷን ይገድላታል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ፤ መድኃኒቱን ከመቀበልሽ በፊት «ለጥንቸል ነው» ብለሽ ጮክ ብለሽ ንገሪው።

«እናቴን እንዴት ላድርጋት» የሚለው ነው የቀረው። አትከራከሪያት። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አርብቼ ሸጫለሁ እንጂ ቀምሼው አላውቅም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን በስም ጠርቶ አትብሉ ይላል፤ ያመሰኳል ግን ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብሎ። የሚገርምሽ፣ ጥንቸል እውነትም የበላችውን መልሳ ትበላለች። ሌሊት የምትጥለውን ለስላሳ ኩስ ከሥሯ ተቀብላ ትውጠዋለች። ስታያት ታማ ነው ብለሽ አትደንግጪ፣ ካልበላች ነው የምትታመመው። እናትሽ የምትለውን ከምንም አላመጣችውም። ያውም አሁን ፍልሰታ ነው፣ ስለ ሥጋ የሚወራበት ሰሞን አይደለም። ድስቱም ቢላውም መክተፊያውም ወንድምሽ ቤት ይሁን፣ የእናትሽ ጓዳ አይግባ።

ይልቅ ለእሷ ኩሱን ስጫት። የጥንቸል ኩስ እንደ ዶሮ ኩስ አያቃጥልም፣ ሳይብላላ በቀጥታ ተክል ሥር ይገባል። ሳትነግሪያት ከጓዳ ጀርባ ካለው እንሰት ሥር ለሁለት ወር አድርጊ። እንሰት ፍግ እንደሚወድ ለእሷ አትነግሪያትም። «ይሄኛው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» ብላ ራሷ ትጠይቅሻለች።

ወንድምሽ «እንበላለን» ማለቱን አልጠላሁትም። ግን ማለትና መብላት ይለያያል። የመጀመሪያውን ሲያርድ እሱ ይያዝ፣ ሚስቱ ትሥራው፣ ልጆቻቸው ይቅመሱ። የበሉት ሁሉ ዶሮ ይመስላል ይላሉ፤ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፣ በወጥ ይሻላል ይላሉ። እነሱ ቤት ካልተለመደ ለማን ነው የምትሸጪው?

አካውንታንት አይደለሽ፣ አብረን እናስላ። አንዲት ሴት በዓመት አራት ጊዜ ብትወልድና በየጊዜው አምስት ቢያድጉልሽ 20 ናቸው። 2 ኪሎ ሲሞሉ ይታረዳሉ፣ ግማሹ ሥጋ ነው። 20 ኪሎ ሥጋ በዓመት፣ ከአንዲት ሴት። በሣርና በፉርሽካ ብቻ ደግሞ 2 ኪሎ የሚሞሉት በአራት በአምስት ወር ነው። በኢንተርኔት በ10 ሳምንት የሚሉሽ ሙሉ መኖ እየገዙ ነው። ከዚህ ላይ የፉርሽካውን፣ የቤቱን፣ የሞተውን ቀንሺ። ደሞዝ አይሆንም። የአንድ ቤተሰብ ወጥና ትንሽ ኪስ ገንዘብ ይሆናል። ለአንድ ዓመት ከሁለት ሴትና ከአንድ ወንድ አትለፊ።

ሐዋሳ ሆቴል ሞልቷል ብለሽ እንዳትመኪ። ልጆቹ ሳይወለዱ በፊት ሄደሽ ዋናውን ምግብ አብሳይ ጠይቂ። በሳምንት ስንት ኪሎ? በጾምስ? የታረደ ከየት ተመርምሮ ይምጣ ይላሉ? የኋለኛውን ከተማው ግብርና ቢሮም ጠይቂ። ግለሰብ ገዢ ደግሞ «ማን አረደው?» ማለቱ አይቀርም፤ የክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ በሚባልበት አገር ነው ያለነው። በእኔ በኩል በቁሙ መሸጥ ይሻልሻል። የሚያርደው ራሱ ይወቅበት። ለአርቢ የሚሆን ሴት ከነደብተሯ፣ ከነወሊድ ታሪኳ ስትሸጪ ደግሞ ከሥጋው የተሻለ ታገኚበታለሽ። የዩኒቨርሲቲው ግብርና ኮሌጅ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፣ የእንስሳት ትምህርት ክፍሉን በር አንኳኪ። ያልገባሽን ለመጠየቅ ክፍያ የለውም።

ነጯን ልሽጣት ወይ ላልሽኝ፣ አትሽጫት። ሳጥን፣ ውሃና ጸጥታ አግኝታ ሦስት ጊዜ ካጠፋች ያኔ ለወንድምሽ ሚስት ስጫት። እስካሁን አንዴም ዕድል አላገኘችም።

ነሐሴ 19 ጭዱን በፀሐይ አድርቂና ሳጥኑን አስገቢ። ነሐሴ 22 ማታ ውሃዋን ሙዪ፣ በሩን ዝጊ፣ ሄደሽ ተኚ። ባትሪ ይዘሽ እንዳትመላለሺ። ጠዋት ጸጉሩን ገለጥ አድርገሽ ቁጠሪና ጻፊልኝ፤ የሞተም ካለ ቁጥሩን አትደብቂኝ። የግራጫዋንም ነገር ንገሪኝ፣ ተወራርጃለሁ።